ዳማከሴ ጀርም ይገድላል፤ ታዲያ ለአፍንጫ ጠብታ ይሆናል?

በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን ስለ አፍንጫ እንነጋገራለን።

በፎገራ ሜዳ የምትኖሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ክረምቱ ወጥቶ የርብና የጉማራ ውኃ ከማሳው ሲሸሽ፣ ሩዙም ታጭዶ መወቃት ሲጀምር የአፍንጫ ችግር ይበረክታል። የማለዳው ብርድ፣ የውቂያው አቧራ፣ ወረታ ከተማ ውስጥ ካሉት የሩዝ መፈልፈያዎች የሚወጣው ብናኝ ሁሉም መግቢያቸው አንድ ነው። በዚህ ወቅት በምሠራበት መድኃኒት ቤት በብዛት ከሚጠየቁት አንዱ "የጉንፋን አሞክሳሲሊን" ነው። አሞክሳሲሊን የጉንፋን መድኃኒት እንዳልሆነ፣ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ እንደሆነና አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን እንደማይነካ ብንናገርም የሚሰማን ጥቂት ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን ሌላ ጥያቄ እየተለመደ መጥቷል። "ዳማከሴ ጀርም እንደሚገድል በጥናት ተረጋግጧል ይባላል። ታዲያ ጨምቀን በልጁ አፍንጫ ብናንጠባጥብለት ምን አለበት?" ይሉናል።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ያለ በቂ ምክንያት አንቲባዮቲክ ከመዋጥ ይልቅ ጓሮን ማየት በራሱ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ቅጠሎቻችን በእርግጥ በጀርም ላይ ኃይል አላቸው። ከዚያ ተነሥቶ "ስለዚህ አፍንጫ ውስጥ ይጨመር" ማለት ግን በመካከል ያለውን ረጅም መንገድ መዝለል ነው። የዛሬው ትምህርታችን ይህ መንገድ ምን እንደሚመስል ይመለከታል።

ቅጠሎቻችን ምን አላቸው?

ከዳማከሴ እንጀምር። ምች የመታውን ሰው ቅጠሉን በመዳፍ አሽቶ ማሽተት፣ ጭማቂውን ገላውን መቀባት፣ ጥቂት ጠብታ በቡና አድርጎ ማጠጣት በየቤታችን ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሀገራችን ተመራማሪዎች የዳማከሴን ቅጠል በውኃና በአልኮል እየነጠሩ ትኩሳት እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ሞክረው ትኩሳቱን እንደሚያበርድ አሳትመዋል። አያቶቻችን ያዩት ነገር ከንቱ እንዳልነበረ ያሳያል።

ከደጋው የሚወርደው ጦስኝም አለ። የጦስኝ ዘይት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ታይሞል በዓለም ገበያ በታወቁ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥ ሳይቀር የሚገባ ጀርም ገዳይ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲቀጠቀጥ አሊሲን የሚባለውን ይፈጥራል። ደምቢያ በደንብ የሚበቅለው ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ታይሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያሉ ተክሎችን በባክቴሪያ ላይ የሚፈትሹ ጥናቶች ለዓመታት ተሠርተዋል።

በሳህን ላይ ያለውና በአፍንጫ ውስጥ ያለው

"ጀርም ይገድላል" የሚለው ቃል በላብራቶሪ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ባለሙያው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አጋር የሚባል እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ያደርግና ባክቴሪያውን ይዘራበታል። ከተክሉ የወጣውን ንጥር ትንሽ ክብ ወረቀት ላይ አድርጎ መሐል ላይ ያስቀምጠዋል። በማግሥቱ ባክቴሪያው ሳህኑን ሞልቶ በወረቀቱ ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ክብ ከቀረ፣ ንጥሩ ባክቴሪያውን ከልክሏል ይባላል። የክቡ ስፋት በሚሊሜትር ይለካል። ቀጥሎ ባክቴሪያውን ለማስቆም የሚበቃው ትንሹ መጠን ስንት እንደሆነ ይፈለጋል።

አንባቢያን እዚህ ላይ ልብ በሉ። የአንቲባዮቲክ መጠን የሚለካው በማይክሮግራም ነው። የቅጠል ንጥር ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው በሚሊግራም ነው፤ አንድ ሚሊግራም ደግሞ 1,000 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ ሁለቱም "ገደሉ" ቢባሉም ቅጠሉ ያንን ለማድረግ የሚፈልገው መጠን እጅግ የበዛ ሊሆን ይችላል። ያን ያህል የበዛ ንጥር የሚያርፈው በአጋር ላይ ሳይሆን ሕይወት ባለው ሥጋ ላይ ሲሆንስ?

የአፍንጫችን ውስጠኛ ገጽ በዓይን በማይታዩ ረቂቅ ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። እነዚህ ፀጉሮች ነፋስ እንዳገኘው የጤፍ ማሳ በአንድነት እየተወዛወዙ ስስ የንፍጥ ንጣፍ ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። የገባው አቧራና ጀርም በዚህ ንጣፍ ላይ ተጣብቆ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ተጠርጎ ይወርዳል። አላህ (ሱ.ወ) በአፍንጫችን ያኖረው ጽዳት ይህ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የጨመርነው ጠብታም አብሮ ተጠርጎ ስለሚሄድ በሳህን ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሠራው ንጥር በአፍንጫ ውስጥ የሚያገኘው ጊዜ ደቂቃዎች ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ጀርሙን የሚገድል ኃይለኛ ዘይት ፀጉሮቹንም ሊያደክም፣ ሽፋኑንም ሊያቆስል ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ቆዳን እንኳ እንደሚያቃጥል የምታውቁት ነው። የቆሰለ አፍንጫ ደግሞ ለጀርም በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

ሌላም አለ። በጓሮ የተቀጠፈ ቅጠል አፈር፣ የሻጋታ ዘርና የራሱ ባክቴሪያ አለው። በእጅ ጨምቀን በብልቃጥ ብናስቀምጠው በማግሥቱ ጀርም የሚራባበት ፈሳሽ ይሆናል። መጠኑም አይታወቅም። በዝናብ ወቅት የተቀጠፈው ከበጋው፣ የአንዱ ተራራ ጦስኝ ከሌላው ተራራ ጦስኝ በዘይቱ ይለያያል። ትናንት ሦስት ጠብታ ያልጎዳው ልጅ ዛሬ በዚያው ሦስት ጠብታ ሊጎዳ ይችላል።

በትክክል ተሠርቶ ያለቀ የአፍንጫ ፀረ ባክቴሪያ ምን ይመስላል ብትሉ ሙፒሮሲንን እጠቅሳለሁ። ከ10 ሰዎች 3 ያህሉ በአፍንጫቸው ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለውን ባክቴሪያ ሳይታመሙ ይዘው ይኖራሉ። ቀዶ ሕክምና ሲጠብቃቸው ግን ይህ ባክቴሪያ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ሐኪም የሚያዝዘው ሙፒሮሲን 2 በመቶ የሆነ፣ በልዩ ቅባት የተለወሰ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን የሚቀባ ነው። መነሻው ምን መሰላችሁ? እርሱም የተገኘው ከተፈጥሮ ነው፤ አንድ ሌላ ባክቴሪያ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። ተፈጥሯዊ መሆኑ ከመለካት፣ ከመጣራትና ከመፈተን አላዳነውም።

ጥቁር አዝሙድና ሰዑጥ

"ታዲያ ጥቁር አዝሙድስ? በሐዲስ የመጣ አይደለም ወይ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በእርግጥ መጥቷል፤ በአፍንጫ ስለመጨመሩም ጭምር። በሶሒሕ አል ቡኻሪ የሕክምና ክፍል ውስጥ ኻሊድ ኢብን ሰዕድ እንደተረኩት፣ የጉዞ ባልደረባቸው ጋሊብ ኢብን አብጀር በመንገድ ታመው መዲና ሲደርሱ ኢብን አቢ ዐቲቅ ሊጠይቋቸው መጡ። አምስት ወይም ሰባት የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ፈጭተው ከዘይት ጋር በሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳዎች እንዲያንጠባጥቡላቸው ነገሯቸው። ማስረጃቸውም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙት፣ ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ ስለመሆኑ የተነገረው ሐዲስ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሰዑጥ፣ ማለትም በአፍንጫ የሚወሰድ መድኃኒት እንደወሰዱ በዚያው ክፍል ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ተዘግቧል።

ዑለማዎች ይህን ሐዲስ እንዴት ተረዱት? በ388 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም ኸጧቢ ቃሉ አጠቃላይ ቢሆንም የተፈለገበት የተወሰነ የበሽታ ዓይነት እንደሆነ፣ ማለትም ከእርጥበት የሚመጣው እንደሆነ አብራርተዋል። ኢብን ሐጀርም በፈትሑል ባሪ ጥቁር አዝሙድ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ከሌላ ጋር ተደባልቆ፣ አንዳንዴ ተፈጭቶ፣ አንዳንዴ ሳይፈጭ፣ እንደ በሽታው እየተለያየ እንደሚሰጥ ጽፈዋል። አወሳሰዱ ከበሽታው ጋር መስማማት አለበት ማለት ነው። በትረካው ውስጥም ፍሬው በቁጥር ነው የተነገረው፤ ታማሚውም መንገደኛ የሆነ አዋቂ ሰው እንጂ የአራስ ቤት ሕፃን አይደለም። በሐዲሱ ማመን መጠንና ሁኔታን ከመመርመር ጋር አይጣላም።

የዘመኑ ምርምርም በዚሁ መንገድ እየሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የቱርክ ጥናት አፍንጫቸው የሚደርቅባቸው አረጋውያን ከፊሉ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ከፊሉ ጨው ያለበት ውኃ እንዲወስዱ ተደርጎ፣ ዘይቱ ድርቀትን፣ መታፈንንና ቅርፊትን በመቀነስ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ በሉ፤ ለአፍንጫ ድርቀት ነው፣ በአዋቂዎች ነው፣ በሐኪም ክትትል ነው። ከገበያ በጠርሙስ የተገዛ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ዘይት ለሕፃን አፍንጫ ይሁን ያለ ጥናት የለም።

ከአፍንጫ ጀርባ ያለው

ይህን ያህል የምጨነቀው አፍንጫ ብቻውን ያለ ቀዳዳ ስላልሆነ ነው። ወደ ታች ሳንባ፣ ወደ ላይ የማሽተት ነርቭና አንጎል አሉ።

ከዘይት እንጀምር። ውኃ ሲያንቀን ሳል ይቀሰቅሳል፤ ዘይትና ቅቤ ግን ለስላሳ ስለሆኑ ሕፃኑ ሳያስል ቀስ ብለው ወደ ሳንባ ሊወርዱ ይችላሉ። ሳንባ ዘይትን ማስወጣት ስለሚቸግረው የሳንባ ምች ያስከትላል። በሀኪሞች ዘንድ የዘይት የሳንባ ምች ተብሎ የታወቀ ነው። በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሕፃናት የጠራ ቅቤ በአፍና በአፍንጫ መስጠት የተለመደ በነበረባቸው ቦታዎች በዚህ የታመሙ ልጆች በ1990ዎቹ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። በእኛም ሀገር ሕፃን ቅቤ ማዋጥ የቆየ ልማድ ነውና እናቶች ሆይ፣ ይህን ስሙ።

የባሕር ዛፍ ዘይት፣ ካምፎርና ሜንቶል ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በአፍንጫ አካባቢ አይደረጉም። ጉሮሮን በድንገት አጥብቀው ትንፋሽ ሊያሳጥሩ ይችላሉ። የባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠንም ቢሆን ልጅን በብዛት የሚጎዳው ቅጠሉ ሳይሆን የሚገለበጠው የፈላ ውኃ ነው።

በማሽተት ነርቭ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ምሳሌው ከሩቅ ነው። በአሜሪካ ዚካም የተባለ፣ ዚንክ ያለበት የአፍንጫ የጉንፋን ምርት በየመደብሩ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የሀገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከ130 በላይ ሰዎች ማሽተት እንዳቃታቸው ሪፖርት ስለደረሰው ሕዝቡ እንዳይጠቀምበት አስጠነቀቀ። ዚንክ በምግብ ውስጥ ለሰውነት የግድ የሚያስፈልግ ማዕድን ነው። በአፍ ሲገባ የሚጠቅም ነገር በአፍንጫ ሲገባ ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ለፎገራ ገበሬዎች ደግሞ አንድ የተለየ ነገር። በኩሬና በወንዝ ውኃ የሚጠጡ ከብቶቻችን አልቅት በአፍንጫቸው ሲይዛቸው የትምባሆ ቅጠል ጨምቆ መጨመር በብዙ ቦታ ይሠራበታል። አልቅቱ የሚለቀው በትምባሆው ኒኮቲን ተመርዞ ነው። ኩሬ ተደፍቶ የጠጣ እረኛ ልጅ አልቅት ቢይዘው ይህን በእርሱ ላይ መሞከር ፈጽሞ አይገባም። ኒኮቲን በአፍንጫ ሽፋን በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ ለአንድ በሬ የማያሰጋ መጠን ሕፃንን ያስመልሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ትንፋሹን ሊያስቆም ይችላል። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ አልቅቱን በመሣሪያ ይዞ ማውጣት ይቻላል።

መንገዱን የሄዱ ሰዎች

ቅጠልን መድኃኒት ማድረግ ይቻላል ወይ? አዎን፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው። ያን ካዩ በኋላ የቱ የእንዶድ ዓይነት ይሻላል፣ ስንት ይበቃል፣ ዓሣንስ ሰውንስ ይጎዳል ወይ እያሉ ብዙ ዓመት ደክመዋል። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከወንዝ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ማለት ነው።

በኮሮና ጊዜ የሆነውንም ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 2012 ከሀገር በቀል ዕውቀት ጋር የተጣመረ መድኃኒት የመጀመሪያውን የምርምር ደረጃ አልፎ ወደ ቀጣዩ ሙከራ ሊገባ እንደሆነ በይፋ ተነገረ። ብዙ ሰው "መድኃኒቱ ተገኘ" ብሎ ተረዳው። የተባለው ግን የመጀመሪያው ደረጃ ማለፉ ነበር። በየመደርደሪያችን የደረሰ መድኃኒት አላየንም። የአውሮፓውያንም ዕድል ከዚህ ብዙ አይለይም። ሳይክላሜን ከሚባል ተክል ሥር የተሠራ የአፍንጫ መድኃኒት በስፔን ተመርቶ በፋርማሲ ሲሸጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም ማስረጃውን መርምሮ ለሳይነስ ሕመም መጥቀሙን የሚያረጋግጥ በቂ ነገር አላገኘም።

አንድ ንጥር ለአፍንጫ ከመፈቀዱ በፊት ጨዋማነቱ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር መስተካከል፣ ኮምጣጣነቱ ከአፍንጫው ጋር መስማማት፣ ረቂቆቹን ፀጉሮች አለመግደሉ መታየት፣ ከጀርም ንጹሕ ሆኖ ለወራት መቆየቱ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ በእንስሳ፣ ቀጥሎ በፈቃደኛ ሰዎች ይሞከራል። በመጨረሻም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይመዘግበዋል። በገበያ ቀን በላስቲክ ጠርሙስ "የሳይነስ የባህል ጠብታ" ተብሎ ሲቀርብላችሁ ከዚህ ሁሉ የቱን እንዳለፈ ጠይቁ። የምዝገባ ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን የሌለው ከሆነ አትግዙት።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

ገና ያልተሠራውን መድኃኒት ስንጠብቅ የተፈተነና ርካሽ ነገር በእጃችን አለ፤ ጨውና ውኃ። እ.ኤ.አ. በ2024 በላንሴት የመተንፈሻ አካላት መጽሔት በታተመ የእንግሊዝ ጥናት 13,799 አዋቂዎች ተሳትፈዋል። በተለመደው መንገድ የቆዩት በጉንፋንና በመሰል ሕመም በአማካይ 8.2 ቀን ሲታመሙ፣ የሕመሙ ምልክት ሲጀምራቸው ጨው ያለበት የአፍንጫ ርጭት የተጠቀሙት 6.4 ቀን ታመዋል። አንቲባዮቲክ የወሰዱትም ቀንሰዋል። ጨዋማው ውኃ ጀርሙን መርዞ አይገድልም፤ ጠርጎ ያወጣዋል፤ ፀጉሮቹን ያግዛል እንጂ አያደክምም።

በቤት ለማዘጋጀት አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ አፍሉ። ወረታ ላይ አንድ ደቂቃ ሊበቃ ይችላል፤ ደብረ ታቦርን በመሰለ ደጋ ግን ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስቱ ደቂቃ ያስፈልጋል። በውስጡ ተለክቶ የተስተካከለ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ የደቀቀ ጨው ጨምሩ፤ 9 ግራም ያህል ይሆናል። ለብ ሲል በንጹሕ ስሪንጅ ያለ መርፌ ወይም በጠብታ ብልቃጥ ተጠቀሙ። የተረፈውን በቀኑ መጨረሻ ድፉት። ለሕፃን ከመጥባቱ በፊት በያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ጠብታ ይበቃል። በጨው ውኃው ላይ ዳማከሴም ሆነ ነጭ ሽንኩርት አይጨመርበትም። አዋቂ ዳማከሴውን በመዳፉ አሽቶ ቢያሸትት አልቃወምም።

ውኃው ይፍላ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በፓኪስታን ካራቺ በሞቀና በክሎሪን ባልታከመ ውኃ ውስጥ የሚኖር ኔግሌሪያ የተባለ ጥቃቅን ሕዋስ በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል ገብቶ ሰዎችን ገድሏል፤ በውዱእ ጊዜ ውኃ ወደ ላይ በመሳብ የያዛቸው ይገኙባቸዋል። በሽታው እጅግ ጥቂት ሰው ነው የሚይዘው፤ ውዱእን የሚያስፈራ ምክንያትም የለም። ነገር ግን ፀሐይ ያሞቀው የሮቶ ውኃ ለረጅም ጊዜ ሳይታጠብ ከቆየ በኢስቲንሻቅ ጊዜ በጥልቀት አትሳቡት፤ ሮቶውንም በክሎሪን እጠቡ።

ጾመኞች ስለ ጠብታ ይጠይቃሉ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ወደ ጉሮሮ የወረደውን እስካልዋጡ ድረስ የአፍንጫ ጠብታ ጾም አያፈርስም ብሏል፤ ከዚህ የተለየ አቋም ያላቸው ዑለማዎችም ስላሉ የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። አፍንጫ የሚከፍቱትን የፋርማሲ ጠብታዎች፣ እነ ዛይሎሜታዞሊንን፣ ከአንድ ሳምንት በላይ አትጠቀሙ፤ ሲተዉ አፍንጫው መልሶ ይታፈናል።

ቤት ውስጥ መቆየት የማይገባው ልጅ የትኛው ነው? ከሁለት ወር በታች ሆኖ በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው ልጅ ነው። ሰዓት ይዛችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከዚያ ጠብታም ጨውም ሳትሉ በቀበሌያችሁ ወዳለው ጤና ኬላ ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሁለት ወር በላይ የሆነውን ልጅ መርምራ የሳንባ ምች ከሆነ አሞክሳሲሊን ትሰጠዋለች፤ ለጉንፋን ያላባከነው መድኃኒት ያን ጊዜ ይሠራለታል።